ለሽጉጥ ወይስ ለጠመንጃ? ጥይት መከላከያ ሰደሪያ ሲገዙ

ሰደሪያ ከመምረጥዎ በፊት የሚያሰጋዎትን መሣሪያ ይለዩ። ለሽጉጥ የተሠራውን ሰደሪያ የክላሽ ጥይት በስቶት ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች የለበሱት ብረት የተሰፋበት ሸራ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ተደራራቢ ናይለን መጣ። ሁለቱም የታሰቡት ለፍንጣሪ ነው። ነገሩን የቀየረው ኬሚስቷ ስቴፋኒ ክዎሌክ እ.ኤ.አ. በ1965 በዱፖንት ኩባንያ ያገኘችው ኬቭላር ነው። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለበሰው።

ኬቭላር ጨርቅ ነው፤ ይተጣጠፋል፣ ከልብስ ሥር ይደበቃል። ኤንአይጄ በሚባለው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም መለኪያ 3ኤ የሚባለው ደረጃ (እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አዲሱ መለኪያ ኤችጂ2) ኃይለኛ የሽጉጥ ጥይት ያቆማል። ቆመ ማለት ግን አልጎዳም ማለት አይደለም። ሲፈተሽ ከሰደሪያው ጀርባ ሸክላ ጭቃ ይደረጋል። ጥይቱ ሳይበሳ ጭቃውን እስከ 44 ሚሊሜትር ቢያጎደጉደው እንኳ ፈተናውን አለፈ ይባላል። ያ ጭቃ የእርስዎ ጎድን ቢሆንስ? አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ለጠመንጃ ፕሌት የሚባለው ጠንካራ ሰሌዳ ያስፈልጋል። የብረቱ ርካሽና ቀጭን ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ጥይቱም ላዩ ላይ ተሰባብሮ ወደ አንገትና አገጭ ይፈናጠራል። እኔ አልመርጠውም። ፖሊኢትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው በጣም ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሆኖም ሙቀት ይጎዳዋል፤ ጫፉ ብረት ያለበትን ጥይት የማያቆምም አለ።

ሴራሚኩ ሥራው ደስ ይላል። ጥይቱን ፊት ለፊት ይሰባብረዋል፤ ከኋላው ያለው ፋይበር ስብርባሪውን ይይዛል። 4ኛ ደረጃው (በአዲሱ መለኪያ አርኤፍ3) ብረት የሚበሳ የጠመንጃ ጥይት ጭምር ያቆማል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሰደሪያው ጋር የሚያስገባው የሴራሚክ ሰሌዳ ነው። ክብደቱን ከቻሉት፣ ጠመንጃ ለሚፈራ ሰው የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ሲሚንቶ ላይ እንዳይጥሉት ብቻ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል።

ያገለገለ ሲገዙ ሽፋኑን ከፍተው የውስጡን መለያ ያንብቡ። ዛይሎን የሚል የፋይበር ስም ካለ ይተዉት፤ ቶሎ እየደከመ ስላስቸገረ ኤንአይጄ እ.ኤ.አ. በ2005 ዕውቅናውን ነፍጎታል። የተሠራበትንም ቀን ይዩ፤ የብዙዎቹ ዋስትና 5 ዓመት ነው። ጽሑፉ ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ፣ በነፃ ቢሰጡኝም አልለብሰውም።