አሮጌ መኪናችሁ ላይ የሌላ መኪና ቱርቦ ሞተር ልታስገጥሙ ነው? ቀሪውን ብር ገና አትክፈሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለፓጄሮዬ የቶዮታ ቱርቦ አግኝቻለሁ፣ ነገ ቀብድ ልሰጥ ነው» አለኝ። አስቀምጬ የደረሰብኝን ነገርኩት። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ብዙ ብር ወጥቶብኛል። ከብሩ በላይ ግን እናቴንና ባለቤቴን ይዤ አባይ በረሃን የወረድኩባት ጠዋት እስካሁን እንቅልፍ ትነሳኛለች።

መኪናዬ በአውሮፓውያን 1992 የተሠራች ኒሳን ፓትሮል ናት። ሞተሯ ቲቢ 42 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ነበር፣ 4,169 ሲሲ። ጠንካራ ሞተር ነው፣ ግን ቤንዚን ይጨርሳል። ነዳጅ ሲወደድ መኪናዋን ከግቢ ማውጣት ራሱ ከበደኝ። በዚያ ላይ ዘይት መብላትና ማጨስ ጀመረች። የቆየ መካኒኬ «ሞተሩ ይውረድና ይታደስ» ብሎ 260 ሺህ ብር ገመተልኝ። ያን ቀን እሱን ሰምቼው ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከሉበት ዓመት። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶት ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለችንን መኪና አድሰን ከመንዳት ሌላ ምርጫ የለንም። ይህን ደላሎቹም ጋራዦቹም አሳምረው ያውቃሉ።

አንድ ደላላ አንድ ጋራዥ ወሰደኝ። ባለቤቱ በደንብ ተቀበለኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። «ወንድሜ፣ አይሱዙ ፎር ጄቢ ዋን ቱርቦ የሚባል የናፍታ ሞተር አለኝ። ኦርጅናል ጃፓን። ከነሥራው 480 ሺህ። ነዳጅህ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጉልበትህ እጥፍ ይሆናል። በ10 ቀን ቁልፍህን ትቀበላለህ» አለኝ። ግማሹን በዚያው ቀን ከፈልኩ። በወረቀት ላይ ያለኝ ነገር አንድ ደረሰኝ ብቻ ነበር። እሱም «ለሞተር ቅድሚያ ክፍያ» ከማለት ውጭ ምንም አይልም።

ካለው ውስጥ እውነት የነበረውን ልለይላችሁ። ናፍታ ሞተር ከዚያ ትልቅ ቤንዚን ሞተር በጣም ያነሰ ነዳጅ እንደሚጠቀም እውነት ነው። ቱርቦ ለአዲስ አበባ እንደሚሻልም እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከ20 በመቶ በላይ ያጣል። ቱርቦ ደግሞ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የጠፋውን አብዛኛውን ይመልሳል።

«ጉልበትህ እጥፍ ይሆናል» ያለው ግን ፈጽሞ ውሸት ነው። የእኔ ቤንዚን ሞተር ሲሠራ 170 አካባቢ የፈረስ ጉልበት ነበረው። ፎር ጄቢ ዋን ቱርቦ 2,771 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱም 100 አካባቢ ነው። ለቤንዚኑ የከፍታውን ቅናሽ ብትቀንሱለት እንኳ ይበልጠዋል። ሁለት ቶን ያህል የምትመዝን መኪና ላይ ይህ ልዩነት ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ወዲያው ይታወቃል። «ኦርጅናል ጃፓን» የተባለውም ቢሆን ማረጋገጫ አልነበረውም። ይህ ሞተር ቻይና ውስጥም በአይሱዙ ፈቃድ ለብዙ ዓመታት ተመርቷል። በቻይና መሠራቱ በራሱ ነውር አይደለም። ግን የጃፓን ዋጋ ከከፈላችሁ የጃፓን ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሞተሩን ግን አልወቅሰውም። አይሱዙ ሲሠራው ለራሱ መኪና ነው የሠራው፣ እዚያም ብዙ አገልግሏል። ጣጣው ያለው በዙሪያው ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የኒሳን፣ ሞተሩ የአይሱዙ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ብረት ቶርኖ ቤት ተቆርጦ ይሠራል። የሁለቱ መሐለኛ ነጥብ ሲገጥም በሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳ መሳሳት የለበትም። ከተሳሳተ ፍሪሲዮን ይበላል፣ የካምቢዮ ኩሽኔታ ይጮኻል። የእኔ በሦስተኛው ሳምንት መጮኽ ጀመረ። የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ደግሞ ለጭነት መኪና ተብሎ የተሠራ ነው። ፓትሮል የፊት አክስሉ ወፍራምና ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ አክስሉ ወደ ላይ ይነሳና ኮፓውን ይመታዋል። በመጀመሪያው ወር ተሰርጉዶ ዘይት አፈሰሰ።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ይህን ክፍል እባካችሁ በጥሞና አንብቡት።

የቤንዚን መኪና ፍሬን የሚለሰልሰው የእግርን ግፊት በሚያግዘው ዕቃ፣ በሰርቮው ነው። ሰርቮው የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ነው። አንድ ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ የአየር መግቢያ ወደ ሰርቮው ይሄዳል። ናፍታ ሞተር ላይ ግን አየሩን የሚያፍን በር የለም፣ ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ በቂ ቫኪዩም አይገኝም። ቱርቦ ሲኖረው ጭራሽ አየሩ ወደ ውስጥ እየተገፋ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ናፍታ መኪኖች የራሳቸው ቫኪዩም ፓምፕ የሚኖራቸው። በዚህ የአይሱዙ ሞተር ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይመጣል።

የእኔ ሞተር ከትንሽ ጭነት መኪና የወጣ ነበር፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው (ማስነሻው) 24 ቮልት። የእኔ መኪና 12 ቮልት ናት። ጋራዡ ምን አደረገ? ዲናሞውን አውጥቶ ከሌላ መኪና የወጣ የ12 ቮልት ዲናሞ ገጠመ። ያ ዲናሞ ፓምፕ አልነበረውም። የሰርቮውን ቱቦ ደግሞ እንደ ድሮው የአየር መግቢያው ላይ ሰኩት። መኪናዋ ተነሳች፣ ሄደች፣ ቀሪውን ብር ተቀበሉኝ። ፍሬኑ ጠጠረብኝ ስል «አዲስ ሥራ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል» አሉኝ። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስለምነዳ እኔም እየለመድኩት መጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለአጎቴ ተዝካር ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሳን። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,100 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት፣ ግን አልያዘችልኝም። ናፍታ ሞተር እግራችሁን ስታነሱ እንደ ቤንዚን ሞተር ጎትቶ አያቆምም። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ነው። በሁለት እግሬ ስቆምበት ትንሽ ትቀንሳለች፣ ስለቀው ትፈተለካለች። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። እናቴ ከኋላ ሆና «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ትላለች። ባለቤቴ ምንም አትልም፣ ክንዴን ብቻ ይዛለች።

ያተረፈን አንድ ሰፋ ያለ የመንገድ ዳር ነው። በእጅ ፍሬንና ባለኝ አቅም ሁሉ እዚያ አቆምኳት። ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ሪዶታ (ዝቅተኛውን የጉልበት ማርሽ) አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ እየዳኸን ድልድዩ ደረስን።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ሌላው ጉድ ተገለጠ። የሙቀት ጌጁ መሐል ላይ እንደቆመ ነበር፣ እኔም ተማምኜበት ነበር። ለካ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ የአይሱዙ ነው፣ ጌጁ የኒሳን። ሁለቱ አይግባቡም፣ ስለዚህ ጌጁ የሚያሳየው ውሸት ነው። ማራገቢያውም ከራዲያተሩ መሐል ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ነው የቆመው። ደጀን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እንፋሎት ተነሳ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል። በጭነት መኪና ተጎትተን ደጀን ገባን። ተዝካሩ አመለጠን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ጋራዡ «ደጀን ድረስ በሙቀት የነዳሃት አንተ ነህ» ብሎ እጁን አወጣ። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፓምፕ ያለው የ12 ቮልት ዲናሞ፣ ካምቢዮ፣ ኮፓ፣ ሁሉንም በሌላ ቦታ አሠራሁ። ጠቅላላ ወጪዬ 735 ሺህ ብር ደረሰ። የድሮውን ሞተር ለማደስ 260 ሺህ ተብዬ እንደነበር አስታውሱ።

ገና አላለቀም። ሊብሬያችሁ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ክላውዶ (ዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ስሄድ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም፣ ነዳጁም ከቤንዚን ወደ ናፍታ ተቀይሯል። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የጉምሩክ ወረቀትና የሽያጭ ሰነድ አምጣ ተባልኩ። ጋራዡ የለኝም አለ። ወረቀት የሌለው ሞተር የተሰረቀ ሊሆን እንደሚችልም ያኔ ነው ያሰብኩት። ቦሎ የለኝም። መሸጥ አልችልም። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ «ሳታሳውቀኝ ሞተር ቀይረሃል» ቢለኝ ምን መልስ አለኝ?

ለባልደረባዬ ያልኩት ይህን ነው። ከቻልክ የራስህን ሞተር አሳድስ። ናፍታ የግድ ከሆነብህ አምራቹ ራሱ ለዚያችው መኪና የሠራውን ፈልግ። ለእኔዋ ፓትሮል ኒሳን ራሱ ቲዲ 42 የሚባል የናፍታ ሞተር ነበረው። ቱርቦ የለውም፣ ግን ማሰሪያው፣ ኮፓውና ቫኪዩም ፓምፑ ለዚያች መኪና ተብሎ የተሠራ ነው። የግድ የሌላ ብራንድ ካልክ ደግሞ ቀብድ ከመስጠትህ በፊት የሞተሩን ቁጥር በዓይንህ አይተህ ፎቶ አንሳው፣ ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር አስተያየው። ሞተር መቀየሩን እንዴት እንደምታስመዘግብ አስቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። ውሉ ላይ ካምቢዮ፣ ማቀዝቀዣ፣ ፍሬን፣ ኤሌክትሪክና ጌጆች አንድ በአንድ ይጻፉ። ቢያንስ ሲሶውን ብር መኪናዋን ዳገትና ቁልቁለት ነድተህ እስክታያት ድረስ ያዘው።

ፍሬኑን ለመሞከር መካኒክ መሆን አያስፈልጋችሁም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጣችሁ ልቀቁት፣ እስኪጠጥር። ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁት ሞተሩን አስነሱ። ሰርቮው የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝቅ ካላለ ቁልፉን ለጋራዡ መልሱለት፣ በታክሲ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።