የድመት መቧጨሪያ ግንድ፦ ከሱቅ የሚገዛው ወይስ ደብረ ብርሃን ለአናጢ የሚታዘዘው?

ከአዲስ አበባ እየተገዛ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣው ርካሹ የድመት መቧጨሪያ መልኩ ተመሳሳይ ነው፦ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውስጡ የካርቶን ቱቦ፣ ላዩ በሞኬት የተሸፈነ፣ ጫፉ ላይ ኳስ የተንጠለጠለበት። ለድመት ግልገል መጫወቻ ይሆናል። ሶፋና ምንጣፍ ያድናል ብሎ ለሚገዛው ሰው ግን አንመክረውም።

ዋናው ጥፋቱ ሞኬቱ ነው። ድመት የምትቧጭረውን ነገር የምትለምደው በመዳፏ ስሜት ነው። ሞኬት የለመደች ድመት የበግ ጸጉር ምንጣፉን፣ መደብ ላይ የተነጠፈውንም ባና የምትምርበት ምክንያት የለም። ሁሉም ለጥፍሯ አንድ ነው። ባና ደግሞ ጥፍር አንዴ ከያዘው ክሩ ይመዘዛል፤ እንደ ነበረ መመለስም ከባድ ነው።

ቁመቱም አይበቃም። ድመት ከእንቅልፏ ስትነሳ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ጀርባዋን ዘርግታ፣ ወደ ታች እየጎተተች ነው የምትቧጭረው። በዚህም የጥፍሯን አሮጌ ቅርፊት ትጥላለች፤ በመዳፏ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን ጠረኗንም ታሳርፋለች። ተንኮል የለበትም። ስለዚህ ብትመቷት የምትማረው እናንተ ሳትኖሩ መቧጨርን ብቻ ነው። ባለ 45ቱ ግንድ ላይ መንጠራራት አትችልም፤ ታችኛው ቺፑድ ቀላል በመሆኑም ስትጎትተው ይወዛወዛል። አንድ ቀን ከወደቀባት ደግሞ አትመለስበትም። ሶፋው አይወድቅም።

የምንመክረው ለአናጢ ማሰራትን ነው፤ ልኩን ግን አስጽፋችሁ ስጡት። ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባህር ዛፍ ግንድ፣ ልጡ ተልጦ በደንብ የደረቀ ይሁን። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጠብቆ የተጠመጠመው ገመድም ይላላል፣ ጥፍሯ በላላው ገመድ ሲያዝ ድመቷ ትደነግጣለች። መቆሚያው 50 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍራም ጣውላ ይሁን፤ ግንዱ ከሥሩ በአራት ብሎን ይታሰር። በአንድ ብሎን የታሰረ ግንድ ይዞራል። ስትረከቡ ጫፉን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ ጣውላው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስጭኑ።

ገመዱ ባለ 8 ሚሊ ሜትር የቃጫ ገመድ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ለመሸፈን 100 ዙር ይጠመጠማል፤ ይህ 34 ሜትር ያህል ስለሚፈጅ 36 ሜትር ግዙ። ናይለን ሻጩ ይበረታል ቢላችሁም አትውሰዱ፤ ያንሸራትታል። ቃጫውንም አሽትቱት፤ የዘይት ወይም የናፍጣ ሽታ ያለው ከሆነ ድመቷ ትሸሸዋለች። በየ10 ዙሩ ኮላ ይቀባ፣ ገመዱ በመዶሻ እየተመታ ይጠጋጋ፣ ሚስማር ከታችና ከላይ ጫፍ ብቻ ይግባ።

ጥሩ ግንድም ጓዳ ከተጣለ ዋጋ የለውም። በደብረ ብርሃን ብርድ ድመት የምትተኛው ምድጃው አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነው፤ ግንዱን ከዚያ አንድ እርምጃ ያህል አርቃችሁ አቁሙት፤ ከእሳቱ ግን ይራቅ፤ ቃጫ ቶሎ ይያያዛል። የተቧጨረ ሶፋ ካለ ደግሞ ከተቧጨረው ጥግ ፊት ለፊት አድርጉት፤ ጥጉን ለጥቂት ሳምንታት በላስቲክ ሸፍኑት። ከለመደችው በኋላ ቦታውን መቀየር ከፈለጋችሁ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሱት። እግሯን ይዛችሁ ገመዱ ላይ አትሹባት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ያስጠላታል። በሩና መስኮቱ ጥግ የምትቧጭር ከሆነ ግቢው ውስጥ ሌላ ድመት መጥታ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ሁለተኛ መቧጨሪያ ያስፈልጋል።

ከማዘዛችሁ በፊት ጭረቱን እዩ። ሶፋው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ግንዱ ይሠራል። ወለል ላይ ያለውን ምንጣፍ ብቻ የምትቧጭር ድመት ግን የቆመ ነገር አትፈልግም፤ ለእሷ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ቃጫ አስጠምጥሙ፣ ወይም ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ ጠርዙ ወደ ላይ እንዲሆን ደርድራችሁ አጣብቁ። ካርቶኑ ቶሎ ያልቃል፤ ግን ብዙ አያስወጣም።

ቤት ብቻ የምትውል ድመት በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የፊት ጥፍሯን ሹል ጫፍ መቁረጥ ይጠቅማል፤ ውስጡ የሚታየው ሮዝ ክፍል ደም ሥር ስላለው አትንኩት። አይጥ የምትጠብቅ፣ ግቢ የምታድር ከሆነች ግን ተዉላት። ከውሻ የምታመልጠው አጥር ወጥታ ነው።

ገመዱ ሲበጫጨቅ ግንዱን አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ጠረኗ ያለበትን ያን የተበጫጨቀውን ነው የምትወደው። ከገመዱ ሥር ያለው እንጨት ሲገለጥ ብቻ ያለቀውን መሃል ከኮላው እስከ ኮላው ቆርጣችሁ አዲስ አስጠምጥሙ፤ ከላይና ከታች ያለውን አሮጌ ገመድ ተዉት።