ማሪያኖ ሪቬራ ወይስ ትሬቨር ሆፍማን?

በአሜሪካ ቤዝቦል፣ ቡድኑ በጠባብ ልዩነት እየመራ ሳለ ገብቶ ጨዋታውን በድል ለሚዘጋ ወርዋሪ «ሴቭ» ይመዘገብለታል። በዚህ 600ን ያለፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሪቬራ በ652፣ ሆፍማን በ601።

500ንም 600ንም ቀድሞ የረገጠው ሆፍማን ነው። ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ትከሻው ተጎድቶ የውርወራው ፍጥነት ሲቀንስ እጁን አልሰጠም፤ ፈጣን መስላ ዘግይታ በምትደርስ ኳስ መቺዎችን ያታልል ጀመር። ፓናማዊው ሪቬራ ግን የሚደብቀው አልነበረውም። የምትመጣውን ኳስ መቺው ያውቃታል፤ መጨረሻ ላይ ስትታጠፍ ግን ዱላውን ትሰብርበታለች። እያወቁት ያልቻሉት ሰው ለእኔ ይበልጣል።

ሚዛኑ የሚያጋድለው በጥሎ ማለፉ ነው። ሪቬራ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር በዚህ መድረክ 42 ሴቭ አስመዝግቧል፤ በዘጠኝ ዙር የተቆጠረበት አማካይ ነጥብም 0.70 ብቻ ነው። በ2001 በአሪዞና በመጨረሻው ጨዋታ የተሸነፈ ቢሆንም፣ አምስት የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዓመቱ ፍጻሜ) ዋንጫዎችን አንሥቷል። ሆፍማን ከሳንዲያጎ ፓድሬስ ጋር እዚያ የደረሰው በ1998 ብቻ ነበር፤ ተጋጣሚውም ያንኪስ። በሦስተኛው ጨዋታ የያንኪሱ ስኮት ብሮሺየስ ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ የሚያወጣ ምት) መትቶበት መሪነቱን አስነጠቀው፣ ያንኪስም ፍጻሜውን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 አሸነፉ። ለሆፍማን ፍርድ ስንሰጥ ግን የሪቬራን ዓይነት ቡድን እንዳልነበረው ማሰብ ተገቢ ነው።

ሆፍማን በ2018 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ሪቬራ በ2019 ተከተለው፤ የጋዜጠኞችን ድምፅ ሁሉ ያገኘ የመጀመሪያው ተጫዋችም ሆነ።