የዳማ ሁዳዴ፦ ለአለርጂ ድመቴ የገዛሁት ምግብ ከሰባት ወር በኋላ

ዳማ የተወለደችው አራት ኪሎ ነው፣ የምትኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ሚዛን ላይ ስትወጣም አራት ኪሎ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ የምትበላው ሃይድሮላይዝድ (በኢንዛይም የተቆራረጠ) ፕሮቲን ያለበት ደረቅ ምግብ ነው። ሰባት ወር ሞላት። ስንት ከረጢት እንደጨረሰች፣ እኔን ምን ያህል እንደጨረሰችኝና ማከኳ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንገቷን ነበር የምታከው። ቀጥሎ ጆሮዋ ሥር፣ ከዚያ ፊቷን። ፀጉሯን ገለጥ ሳደርግ ቆዳዋ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ደቃቅ ቅርፊት ነው፣ ስትዳስሱት ይቆረቁራል። ሆዷን ደግሞ ልሳ ልሳ ፀጉሩን ጨርሳዋለች። ሌሊት ስታክ እግሯ ወለሉን ይመታዋል፤ ጠክ ጠክ ጠክ። እናቴ ‘ማነው በዚህ ሰዓት?’ ብላ ሁለቴ በር ከፍታለች።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠረጠረችው ቁንጫን ነው። ደግ አደረገች፤ የሚያክ ድመት ሲመጣ ቁንጫ ነው ቀድሞ የሚጣራው። ትከሻዋ መሃል ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጠችን። (የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ለድመት እንዳታደርጉ። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ውሻን አይነካም፣ ድመትን ግን ይገድላል።) ሦስት ወር ሙሉ በየወሩ አደረግንላት። ማከኩ አልቆመም። ከዚያ ሌላ ቦታ ወስጄ የኮርቲዞን መርፌ አስወጋኋት። በሁለተኛው ቀን እፎይ አለች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጤፉ ተመልሶ ተዘራ።

ነገሩን የፈታችው እናቴ ናት፣ ሳታውቀው። ሐኪሟ ‘ማከኩ ቀነስ ያለበት ጊዜ ነበር?’ ብላ ጠየቀች። እናቴ ‘በሁዳዴ ደህና ነበረች። ፋሲካ ነው የጎዳት’ አለች። እኔ ጠበል የረጨቻትን ልትናገር ነው ብዬ ተሳቅቄ ነበር። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በሁዳዴ ምን ትበላ ነበር? ሉካንዳው ዝግ ነው። ሳንባ የለም፣ ቅንጥብጣቢ የለም፣ ወተትም እቤት አይገባም። ሽሮ ፍትፍትና ከእኔ ሳህን የተረፈ ዓሣ ነበር የምትበላው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የምግብ አለርጂን ለመለየት ሐኪሞች የሚያዙት ጥብቅ አመጋገብ ደግሞ 8 ሳምንት፣ ማለትም 56 ቀን። ዳማ አንድ ቀን ሲቀራት ሳናውቅላት ምርመራዋን ጨርሳ ነበር። በፋሲካ ማግስት የሉካንዳው ልጅ ሳንባውን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። በሳምንቱ አንገቷ ደማ። (ሽሮውም ቢሆን ለድመት አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ያኔ አላውቅም ነበር።)

ከዚያ በኋላ ሳነብ ከረምኩ። በፈረንጆች 2016 የወጣ አንድ ጥናት የምግብ አለርጂ ያለባቸውን 78 ድመቶች ሰብስቦ ሲያይ፣ 18 በመቶውን ያስቸገረው የበሬ ሥጋ፣ 17 በመቶውን ዓሣ፣ 5 በመቶውን ዶሮ ነው። ሰው የሚወቅሰው እህሉን ነው፤ አናት ላይ ያለው ግን ሥጋ ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። አስተማማኙ መንገድ የድሮውን ምግብ ጨርሶ ማቆም፣ 8 ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ መልሶ ሰጥቶ ማየት ነው።

ለነዚያ 8 ሳምንታት ምን ትብላ? አንዱ አማራጭ በሕይወቷ ቀምሳ የማታውቀው ሥጋ ነው። ፈረንጆቹ ጥንቸልና አጋዘን ይላሉ። አራት ኪሎ ላይ አጋዘን! በግ ደግሞ የበሬ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ አያስተማምንም። ስለዚህ ቦሌ ሚካኤል ሄጄ አንድ ኪሎ የግመል ሥጋ ገዛሁ።

እናቴ ፌስታሉን አየችው። ‘ምንድን ነው?’ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ድስት አውርዳ ሰጠችኝ።

‘ይሄን ውሰጂው።’

‘ወዴት?’

‘ወደፈለግሽበት። ተመልሶ ግን ኩሽናዬ አይገባም።’

ደጅ በከሰል ቀቀልኩላት። ዳማ ግመሉን ስትበላ ባያችሁ፣ ከጉሮሮዋ ድምፅ ነበር የሚወጣው። ግን ሥጋ ብቻውን ለሳምንታት አይሆንም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም። ሥጋው ሲቀቀል ደግሞ ታውሪኑ ወደ መረቁ ይወጣል። እጥረቱ የድመትን ልብ እንደሚያደክም ዴቪስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1987 አሳይተዋል። ካልሲየሙም ይጎድላል። ግመሉ አምስት ቀን ቆየና ቀረ። ድስቱ አሁን ደጅ ነው፣ ጤና አዳም ተተክሎበታል።

ወደ ከረጢቱ እንምጣ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ወጥ ውስጥ ብትገባም ዶሮነቷ አይጠፋም፤ ፈረሰኛው ለማን እንደደረሰ ሁሉም ያያል። እዚህ ምግብ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን በኢንዛይም ከመቆራረጡ የተነሣ፣ የሰውነት መከላከያ ‘ይሄማ ያ ጠላቴ ነው’ ብሎ የሚለይበት ነገር አይቀረውም። ታውሪኑ፣ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚኑ ተመጥኖ ገብቶበታል። ሮያል ካኒን፣ ሂልስና ፑሪና ሦስቱም ለድመት ይሠራሉ። የኔ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ብታውቁትም አይጠቅማችሁም። እዚህ አማርጦ መግዛት የለም። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያገኘውን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር። ዳማ አሸተተችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ በፊት እግሯ ወለሉን እየቧጠጠች ልትቀብረው ሞከረች። ካካዋን የምትሸፍነው እንደዚያ ነው። ‘ሲርባት ትበላለች’ አሉኝ። ይሄ ለውሻ ይሠራ ይሆናል። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከዋለች ግን ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ትታመማለች። ስለዚህ ከድሮው ምግቧ ጋር እየቀላቀልኩ፣ በየቀኑ የአዲሱን ድርሻ ከፍ እያደረግሁ፣ በአሥር ቀን አሻገርኳት። ለብ ያለ ውኃ ጠብ ሲደረግበት ሽታው ይነሣል፣ ያ ነው የረዳኝ። ቆጠራው የሚጀምረው አዲሱን ብቻ ከበላችበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ዳማ ሳትሆን ሰፈሩ ነው ያስቸገረኝ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት እማማ አሉ። ዳማን እንደ ልጅ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።

‘እማማ፣ እባክዎ ምንም አይስጧት፣ ሐኪም ከልክሏታል’ አልኳቸው።

‘እሺ የኔ ልጅ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ!’

በሦስተኛው ቀን ዳማ አፏ ዙሪያ ቅባት ይዛ መጣች። ሄድኩ። ‘ኧረ ሥጋ አልሰጠኋትም’ አሉኝ፣ ‘ቅልጥም ብቻ ናት።’

ቆጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። በዚያው ቀን ከከረጢቱ በትንሽ ብልቃጥ ሞልቼ ሰጠኋቸውና ‘ስትመጣ አምስት ፍሬ ይስጧት’ አልኳቸው። ሠራ። አሁን እማማ ብልቃጡን ሲያንቀጫቅጩት ዳማ ከየትም ትመጣለች። ሌላው የማይጠረጠር ወጥመድ የሆድ ትል ክኒን ነው። ድመት እንድትውጠው ብለው የሥጋ ጣዕም የሚጨምሩበት አለ። ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱ ጸጥ አለ። በስድስተኛው የሆዷ ፀጉር እንደ ሕፃን ፀጉር ሳስቶ በቀለ። 8 ሳምንቱ ሲሞላ ገና ደርሶ ነበር። ሐኪሟ አሁን የበሬ ሥጋ ስጫትና እይ አለችኝ። ጨክኜ ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን ጠክ ጠክ ጠክ። ወደ ከረጢቱ መለስኳትና ሲረጋጋላት ዶሮ ሞከርን። ሁለት ሳምንት፣ ምንም። ስለዚህ ጠላታችን በሬ ነው። ያ በየሳምንቱ ‘ለዳማ’ ተብሎ የሚመጣው ሳንባ!

አሁን ቅሬታዬን ላውጣው። ዋጋው አንደኛ። በቀን 55 ግራም ነው የምትበላው፣ ሁለት ኪሎው 36 ቀን ይሄዳል። የአንዱ ከረጢት ዋጋ ከቤታችን የወር ጤፍ ይበልጣል። ለእናቴ ትክክለኛውን ቁጥር ነግሬያት አላውቅም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ። ሁለተኛው አቅርቦቱ ነው። በየካቲት ዕቃ ያመጣልኝ የነበረ ዘመድ ሻንጣው ኪሎ አለፈበትና ከረጢቱን እዚያው ጥሎት መጣ። ዘጠኝ ቀን በተቀቀለ ዶሮ አሳለፍን። አንዴ ደግሞ ማብቂያው ቀን ሊሞላ ወር ያልቀረው ደረሰኝ። ከረጢቱ መዝጊያ የለውም፤ አንዴ ከተከፈተ ክዳን ያለው ባልዲ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሽታው ይጠፋና ዳማ ታኮርፋለች። ሽታውን ካነሳን፣ ለእኔ የረጠበ ካርቶን ነው የሚሸተኝ።

ጥሩውንም ልበል። ሰገራዋ ተስተካክሏል፣ ድሮ አልፎ አልፎ የምታስመልሰው ቀርቷል። ክብደቷ አልተነቃነቀም፣ ያው አራት ኪሎ። ማከኩ ፈጽሞ ጠፋ አልልም። በሳምንት አንዴ ጆሮዋን ታክ ታክ ታደርጋለች፣ እንደማንኛውም ድመት።

ችግሯ በሬ ብቻ ከሆነ ለምን ወደ ርካሽ የዶሮ ምግብ አልሄድም? ሞክሬ ነበር። ሱፐርማርኬት ገብቼ ሦስት ዓይነት ገልብጬ አነበብኩ። ፊት ለፊቱ ላይ ዶሮ ተስሏል። ከኋላ በደቃቅ ጽሑፍ ‘የእንስሳት ተዋጽኦ’ ይላል፣ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይናገርም። መልሼ ደረደርኳቸው። ለጊዜው የያዝኩት ከረጢቱን ዋና ምግብ አድርጎ፣ ቅዳሜና እሑድ ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት መጨመር ነው።

ያ ዘመዴ በሰኔ እንደገና ይመጣል። ሁለት ከረጢት አዝዣለሁ። ሻንጣው ኪሎ ካለፈ የራሱን ጫማ አስቀርቶ ይምጣ ብዬዋለሁ።