የግጦሽ ኢንሹራንስ ልትገዙ ያሰባችሁ ቦረና አካባቢ ከብት ያላችሁ ቆይ አንዴ

ሰላም ወገን፣ በተለይ እንደኔ ያቤሎ ከተማ ቁጭ ብላችሁ ገጠር ወዳጅ ጋ ከብት የምታስጠብቁ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ። ያ ከ2013 እስከ 2015 በተከታታይ 5 ወቅት ዝናብ የቀረበት ድርቅ ስንቱን ባዶ በረት እንዳስቀረ ስላየሁ ፈርቼ ነበር፣ ኤጀንቱ መጥቶ «ከብትህ ከሞተ ካሳ አለህ» ሲለኝ ሳላቅማማ ለ6 ከብት ከፈልኩ። ከዛ ሁለቱ በአባ ሰንጋ ሞቱብኝ፣ ከእንስሳት ሐኪሙ ወረቀት አጽፌ ኤጀንቱ ጋ ይዤ ብሄድ ልጁ ወረቀቱን እንኳን አልዘረጋውም፣ «ጋሼ ይሄ እኮ የሳር እንጂ የሞት ኢንሹራንስ አይደለም» አለኝ። ሲሸጡልኝ እንዲህ አላሉኝም!

ነገሩ ሳተላይት ከላይ ሆኖ የመሬቱን አረንጓዴነት ይለካል፣ የዘንድሮው ልኬት ከዛው አካባቢ ያለፉት ዓመታት ልኬት ጋር ይታይና ውሉ ላይ ካለው መስመር በታች ከወረደ ብቻ ይከፈላል፣ የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው የለም። ሀሳቡን አልጠላውም፣ ቦረና ላይ በ2004 ሲጀመርም (ማርሳቢት ኬንያ በ2002 ቀድማን ነበር) እያንዳንዱ በረት እየዞሩ ማጣራት ስለማይቻል ነው እንዲህ የሆነው። ግን ልኬቱ ያካባቢው አማካይ ስለሆነ ያንተ ሰፈር አሮ፣ ማዶ ግን ዘንቦ ከሆነ አለቀልህ፣ ደግሞ ሳተላይቱ አረንጓዴ ነው የሚያየው ከብት ይብላው አይብላው ምን ገዶት፣ ግጦሹን የወረረው ቁጥቋጦ ሁሉ ለሱ ያው ለምለም ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ቤት ገብቼ ውሉን ሳየው ወረዳ የሚለው ላይ ያቤሎ ተብሎ ተሞልቷል፣ ከብቶቼ ያሉት አሬሮ! እኔ የምኖርበትን ጠየቀኝ ነገርኩት፣ ከብቱ የት እንደሚግጥ ማንም አልጠየቀኝ። ማለትም አሬሮ ድርቅ ቢገባ እንኳን የኔ ካሳ የሚወሰነው በያቤሎ ሳር ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የየትኛው ወረዳ ልኬት ነው፣ ስንት ላይ ሲወርድ ነው የሚከፈለው፣ ገና እና ሀገያን (በዓሉን ሳይሆን የመጋቢትና የመስከረም ዝናቡን ማለቴ ነው) ሁለቱንም ይሸፍናል ወይ በሉት። የሚሸጠውም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ጥር የካቲት ወይ ነሐሴ ላይ ነው፣ ወቅቱ ከተጋመሰ በኋላ ልሽጥልህ የሚል ካለ ደረሰኝ እያላችሁ አፋጡት። እንደ ዕቁብም ተራዬ ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሳሩ ከበቀለ የከፈላችሁት አይመለስም።

እኔ አሬሮ ብለው ካላስተካከሉልኝ ዳግም አልፈርምም። ወረዳ ተሳስቶበት ያስቀየረ ካለ እንዴት እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ እስቲ።