የሜዲቴሽን አፖች ከ8 ወር በኋላ፦ ምኑ ይብራ፣ ምኑ ይጥፋ

ይህ ግምገማ ሦስት የሜዲቴሽን (የተመስጦ) አፖችን ለ8 ወር በየቀኑ ከመጠቀም የመጣ ነው፦ ሄድስፔስ፣ ካልም እና ኢንሳይት ታይመር። ሁለቱ በክፍያ፣ ሦስተኛው በነጻ። የትኛው አስተማሪ ድምፁ እንደሚጥም አንገባበትም፤ እሱ የጆሮ ጉዳይ ነው። የምናየው ስክሪኑን ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ስልክ የሚያስነሳው ምንድን ነው? ነገም የሚመልሰው ምንድን ነው? ይህ ሁሉ ብልሃትስ እስከ መቼ ለተጠቃሚው ይሠራል? የደረስንበት መልስ ሁለት ወር ገደማ የሚል ነው። እስከዚያ ድረስ አፑና ተጠቃሚው አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው አረፍ ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል፣ አፑ ግን መከፈቱን ነው የሚቆጥረው።

ድርጅቶቹ እዚህ ላይ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ለማወቅ በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ይበቃል። 93 የአእምሮ ጤና አፖችን በትክክለኛ የአጠቃቀም መረጃ የለካው ይህ ጥናት፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ አፕ በ15ኛው ቀን ከተጠቃሚዎቹ 3.9 በመቶ፣ በ30ኛው ቀን ደግሞ 3.3 በመቶ ብቻ እንደሚቀሩለት አሳይቷል። መቶ ሰው ጫነው እንበል፤ በወሩ መጨረሻ የሚከፍተው ሦስት ሰው ነው። ገቢው ደግሞ ያለው የዓመት ክፍያ ላይ ነው። የሄድስፔስም የካልምም የዓመት ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ 69.99 ዶላር ነበር፤ በዓመቱ የሚያድሰውም በሦስተኛው ሳምንት ያልጠፋው ሰው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ገና አፑ ሲከፈት ነው። ዋጋ ከመታየቱ በፊት ጥያቄ ይመጣል፦ የመጣችሁት ለጭንቀት ነው፣ ለእንቅልፍ ወይስ ለትኩረት? ከዚህ በፊት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በቀን ስንት ደቂቃ አላችሁ? መልሱ የሚቀርብላችሁን ትምህርት ለመምረጥ በእርግጥ ይረዳል። ሌላም ሥራ ግን አለው። አራት አምስት ጥያቄ የመለሰ፣ በገዛ ጣቱ "እንቅልፍ አጥቻለሁ" ብሎ የነካ ሰው፣ የክፍያው ገጽ ሲመጣ እንዲሁ ዘግቶ መውጣት ይከብደዋል። እዚያ ገጽ ላይ በዚህ ዓይነት አፖች ዓመታዊው ክፍያ አስቀድሞ ተመርጦ ይጠብቃችኋል፤ መዝጊያዋ ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም ናት። ፈልጓት፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባዋ ነጻ ክፍል አለ።

ኖቲፊኬሽን ለመላክ የሚጠይቀው ገጽ ሁለት ጊዜ የሚመጣውም በምክንያት ነው። አይፎን የራሱን የፈቃድ ሳጥን ለአንድ አፕ የሚያሳየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እምቢ ከተባለ አፑ ደግሞ መጠየቅ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ሴቲንግ ገብቶ ማብራት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ስለዚህ አፑ መጀመሪያ የራሱን ያማረ ገጽ ያቀርባል፦ "በየቀኑ እናስታውስዎ?" እዚያ ላይ "በኋላ" የሚል ሰው የአይፎኑን ሳጥን አያይም፤ ያቺ አንዲት ዕድልም ሳትባክን ለሌላ ቀን ትቆያለች። አንድሮይድም በ2022 ከወጣው 13ኛው ስሪት ወዲህ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ከተባለ በሩ ይዘጋል።

ሄድስፔስን ከሌሎቹ የሚለየው የማስረዳት ብቃቱ ነው። መሥራቹ አንዲ ፑዲኮም የቲቤት ቡድሂዝም መነኩሴ የነበረ ሰው ነው። ከሪች ፒርሰን ጋር በ2010 ለንደን ላይ ሲጀምሩት ሰው ተሰብስቦ የሚካፈልበት ዝግጅት ነበር፤ አፑ የመጣው በ2012 ነው። ዲዛይኑ ላይ ግን የምንኩስና ምልክት አታዩም። ብርቱካናማ ክብ፣ ድቡልቡል ፊቶች፣ ወፍራም ለስላሳ መስመሮች ናቸው። በሃይማኖቱ ምክንያት ለሚያመነታ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚቀርብለት የትንፋሽና የትኩረት ልምምድ ነው። ከአኒሜሽኖቹ በአንዱ ሰውየው መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች ያያል። መኪኖቹ ሐሳቦች ናቸው። ሊያስቆማቸው መንገድ መሃል ሲገባ ሁሉም ነገር ይተራመሳል፤ ተመልሶ ዳር ሲቀመጥ ያልፋሉ። ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተወው "ሐሳቤ አልቆም አለኝ፣ አልቻልኩበትም" ብሎ ነው። ሥራው ሐሳብን ማስቆም እንዳልሆነ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢያስረዳ ማን ያነበዋል? ያቺ አጭር ሥዕል ግን ነገሩን ታስጨብጠዋለች። በ8 ወር ካየነው ሁሉ ለተጠቃሚው ከልብ የተሠራ ዲዛይን የምንለው ይህን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስታወሻው ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የባህርይ ተመራማሪ ቢ.ጄ. ፎግ አንድ ድርጊት የሚፈጸመው ፍላጎት፣ ቀላልነትና ቀስቃሽ ነገር በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ነው ይላል። የካልም ሰዎች በአንድ ወቅት መረጃቸውን ሲፈትሹ፣ ሴቲንግ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን የማስታወሻ ሰዓት ፈልገው ያበሩት ጥቂት ተጠቃሚዎች ከሌላው በሦስት እጥፍ ያህል ሲመለሱ አገኙ። መጀመሪያውኑ ትጉ ስለሆኑ እንዳይሆን፣ ማስታወሻውን ከልምምድ በኋላ ለሌላውም አቀረቡ፤ ለውጡ እዚያም ታየ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ሰዓቱን ስትሞሉ ነው። "ጠዋት 1 ሰዓት" ብሎ አስቦ 1:00 የሚያስገባ ሰው ማስታወሻው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይጮህበታል፤ ማስገባት ያለበት 7:00 ኤኤም ነው። ሁለተኛው የበለጠ ስውር ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ አፑ ግን ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ማታ ሥራ አምሽታችሁ ከሌሊቱ 6 ተኩል ላይ ብትቀመጡ፣ ለእናንተ ገና ሰኞ ነው፣ ለአፑ ማክሰኞ ገብቷል። ሰኞ ባዶ ይሆናል፣ ሲቆጠር የነበረው ስትሪክም (ሳይዘለል የተቀመጣችሁባቸው ቀናት ቁጥር) ወደ ዜሮ ይወርዳል። ብዙ ሰው "አፑ ተበላሸ" የሚለው ይህን ነው። የሚያመሽ ሰው ማስታወሻውን ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳያልፍ ያድርግ።

ማስታወሻው ጭራሽ ካልመጣ ወይም ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ከመጣ ጥፋቱ ባብዛኛው የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሻኦሚ ስልኮች ላይ አዘውትሮ ይከሰታል። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ የአፑ ስም፣ ከዚያ ባትሪ ገብታችሁ "አንሪስትሪክትድ" የሚለውን ምረጡ፤ "አውቶ ስታርት" የሚል መቀያየሪያ ካለም አብሩት። አንድሮይድ ላይ ሌላም ጥሩ ነገር አለ፦ የመጣውን ኖቲፊኬሽን ጣት አሳርፋችሁ ብትቆዩበት አፑ የሚልካቸው ዓይነቶች ተዘርዝረው ይወጣሉ። የቀን ማስታወሻውን ብቻ ትታችሁ "አዲስ ነገር" እና "ቅናሽ" የሚሉትን አጥፉ። ሁሉም ክፍት ሆኖ ሲቆይ ዓይን ይለምደውና ዋናውን ማስታወሻ ራሱን ሳያነብ ያጠፋዋል።

አሁን ስለ ስትሪክ። አንድም ቀን ሳይዘለል ስንት ቀን እንደተቀመጣችሁ የሚያሳየው ቁጥር ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ያለው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳ ክፍል ነው። ጉልበቱ የሚመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ካሳዩት ነገር ነው፦ ሰው ያገኘው ከሚያስደስተው ይልቅ ያንኑ ያህል ማጣት ያመዋል። 3 ቀን የቆጠረ ሰው ቁጥሩ ግድ አይሰጠውም። 40 የደረሰ ሰው ግን ቁጥሯን ላለማጣት ሲል ብቻ ከአልጋው ይነሳል። በመጀመሪያው ወር ይህ በጎ ነው፤ ፍላጎት በቀዘቀዘበት ቀን ይገፋል።

ከ50ኛው ቀን በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ መልክ አለው። ከአፖቹ በአንዱ ላይ የ8 ወሩን መዝገብ ወደ ኋላ ስናይ የልምምዱ ርዝመት እያጠረ ሄዷል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ የነበረው 5 ሆነ፣ ከዚያ የአንድ ደቂቃ የትንፋሽ ልምምድ ሆነ፤ እሱም ጥርስ እየተቦረሸ፣ ስልኩ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተጋድሞ። ቁጥሩ ግን ሳይሰበር ይወጣል። አፑ ይህን እንደ ድል ያከብራል፣ ሥዕሉ ፈገግ ይላል። ተመስጦ ግን የለም።

ደግሞም ያለ ጥፋት ይሰበራል። ልምምዱ 30 ሰከንድ ሲቀረው ጥሪ ገብቶ ከተቋረጠ አንዳንዱ አፕ አይቆጥረውም። ጠዋት ከዋሽንግተን ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ የሚያርፍ፣ ልማዱ የማታ የሆነ ሰው ደግሞ ያቺ ማታ አየር ላይ ታልፍበታለች። ትምህርቱን አስቀድሞ ዳውንሎድ ካላደረገ ቀኑ ባዶ ነው፤ ዳውንሎድ አድርጎ ቢሠራም አንዳንዱ አፕ ኢንተርኔት እስኪያገኝ አይመዘግበውም። 70 ቀን የያዘ ሰው ዜሮ ሲያይ ሌላ 70 ለመጀመር አቅም ያጣል፣ አፑንም ልምምዱንም አንድ ላይ ይተዋል።

የሚያሳዝነው፣ ከዜሮ መጀመሩ የልማድን አሠራር የተከተለ አለመሆኑ ነው። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ የዩሲኤል ተመራማሪዎች እነ ፊሊፓ ላሊ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ መብል፣ መጠጥና የሰውነት እንቅስቃሴን የሚመለከት አዲስ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚሠራ ልማድ ለመሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ወስዷል፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል (ከ12 ሳምንቱ ያለፈው በስሌት የተገመተ ነው)። አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መፈጠር ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጎዳውም። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ወይም አምስቱን ሶላት በሚጠብቅ ቤት ያደገ አንባቢ ነገሩን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ልማዱን የተሸከመው ሰዓቱና ቦታው ነው። ያመለጠ ሶላት ቀዷ (ማካካሻው) ይወጣል እንጂ ሰውየው ከዜሮ አይቆጠርም። ስለዚህ ዓይናችሁን ስትሪኩ ላይ ሳይሆን አጠቃላይ የደቂቃ ድምሩ ላይ አድርጉ፤ እሱ አይቀንስም። አይፎን ያለው ሰው አፑን ከስልኩ የጤና መዝገብ (ሄልዝ ከሚለው አፕ) ጋር ካገናኘው ደቂቃው "ማይንድፉል ሚኒትስ" በሚለው ስር ይጠራቀማል፤ አፕ ቢቀየርም እዚያው ይቆያል።

ካልም ከስትሪክ የተሻለ መንገድ ያገኘው በ2016 መጨረሻ የእንቅልፍ ተረቶቹን ሲጀምር ይመስለናል። ሜዲቴሽን አዲስ ሰዓት መፍጠር ይጠይቃል፤ እንቅልፍ ግን በየማታው ራሱ ይመጣል፣ ቀስቃሹ አልጋው ነው። ጉዳቱ ስልኩ ከአልጋ አለመለየቱ ነው። ስክሪኑን ደፍታችሁ፣ የማጥፊያ ሰዓት ሞልታችሁ አድርጉት።

ኢንሳይት ታይመር ዋናው ታይመሩ ነው፣ ነጻም ነው። ሰዓቱን 10 ደቂቃ ላይ አድርጉ፣ 10 ሰከንድ መዘጋጃ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ደወል፣ መሃል 5ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ደወል። የጀርባ ድምፅ አያስፈልግም። አሁን ስንት ሰው አብሯችሁ እየተቀመጠ እንደሆነ ያሳያል፤ ለብቻው ለሚኖር ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ከልምምዱ በኋላ ግን አብረው ለተቀመጡት ምስጋና መላላክ አለ፣ እሱም ደርሶ ማኅበራዊ ሚዲያ ይሆናል፤ ያጠፋነው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ስለ ዳታ፦ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ድምፅ 9.6 ሜጋባይት ነው፣ በወር 288። ዋይፋይ ስታገኙ የሳምንቱን አውርዱ። ታይመሩ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ክፍያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አፑን ማጥፋት ክፍያውን ያቆመ መስሎት ነው። አያቆምም። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ስማችሁ፣ ሰብስክሪፕሽንስ፤ አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶር፣ ፎቷችሁ፣ የክፍያና ሰብስክሪፕሽን ገጽ። በድረ ገጽ ከፍላችሁ ከሆነ ሁለቱም ቦታ አታገኙትም፤ እዚያው ድረ ገጹ ላይ ነው የሚሰረዘው። ነጻ ሙከራውን በጀመራችሁበት ቀን ሰርዙት፤ አብዛኛው ሙከራ ቀኑ እስኪያልቅ ይሠራል። ለመጨረሻው ቀን የሚያቆይ ሰው፣ አይፎን ከመታደሱ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት እንዲሰረዝ እንደሚጠይቅ ይወቅ።

የእኛ አደራረግ እንዲህ ሆኗል። ከ1ኛው እስከ 10ኛው ቀን የሄድስፔስ መሠረታዊ ትምህርት፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ማስታወሻው በርቶ፣ ከጠዋት ቡና በፊት በአንድ ወንበር ላይ። እስከ 60ኛው ቀን 10 ደቂቃ፣ ስትሪኩም ይታይ። ከ66ኛው ቀን ወዲህ ማስታወሻው ለአንድ ሳምንት ይጥፋ። ከ7ቱ ቀን 5ቱን ራሳችሁ አስታውሳችሁ ከተቀመጣችሁ ክፍያው አያስፈልጋችሁም፣ ወደ ታይመሩ ዙሩ። 2 ወይም 3 ቀን ብቻ ከሆነ ማስታወሻውን መልሳችሁ አብሩ፤ ሰዓቱን ግን ቀይሩት፣ የመጀመሪያው ሰዓት ከቤታችሁ ውሎ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ዓመቱ ከመታደሱ ሁለት ሳምንት በፊት ይህንኑ ሙከራ ድገሙት።