የመኪና አቧራ ማንሻ ስትገዙ፦ መጥረጊያ፣ ስፕሬይ ወይስ የማይለቀለቅ ሻምፖ?

አቧራ መኪና ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቀለሙን አይጭርም። ጭረቱ የሚመጣው በላዩ ላይ ጨርቅ ስንጎትት ነው። አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ አሸዋን አሸዋ የሚያደርገው እሱ ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፣ ከተራ ሚስማር ይበልጣል። ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ክሊር ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ጭረት የሚወጣው እዚህ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ፖሊሽ ያጠፋዋል፣ ግን የሚያጠፋው ከክሊሩ ላይ እየላገ ነው። ስለዚህ ፖሊሽን እንደ መፍትሔ ቆጥሮ ዛሬ እንደልብ መጥረግ አያዋጣም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ፦ እናንተ መኪና ላይ የሚያርፈው አቧራ ምን ዓይነት ነው? በአፋችሁ እፍ በሉት። ብን ብሎ ከተነሳ ልል ነው። ካልተነሳ ጤዛ ወይም ካፊያ ነክቶት ደርቋል፣ ተጣብቋል ማለት ነው። በጣት አትሞክሩት። ልጆች አቧራው ላይ «እጠቡኝ» ብለው የጻፉት ነገር መኪናው ከታጠበ በኋላም አንዳንዴ በፀሐይ የሚነበበው ጣትም አሸዋውን ስለሚጎትት ነው።

ሰም የጠጣ የጥጥ መጥረጊያ

ረጅም እጀታ ያለው፣ የጥጥ ክሮቹ በፓራፊን ሰም የታሹት መጥረጊያ ነው። ካሊፎርኒያ ካር ደስተር በሚለው ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰሙ አቧራውን ወደ ክሩ ይስባል። ውሃ አይፈልግም፣ መኪናውን በጥቂት ደቂቃ ያዳርሳል። በፍጥነት የሚወዳደረው የለም።

ድካሙ ግን ግልጽ ነው። በክሩና በቀለሙ መካከል የሚያንሸራትት ፈሳሽ የለም። ሁሉም ነገር በእጃችሁ ላይ ይወድቃል። ሳትጫኑ፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ በቀጥታ መስመር ትጎትቱታላችሁ፤ አንድ በር ወይም አንድ ፓራፋንጎ በጨረሳችሁ ቁጥር ታራግፉታላችሁ። አዲሱን ከማሸጊያው እንዳወጣችሁ ወደ መኪናው አትሂዱ። ጋዜጣ ላይ አሳድሩት፣ ትርፉን ሰም ይመጥለታል። መስታወት ላይ አታሳልፉት፣ ቅባት ይተዋል። በሳሙና ደጋግሞ ማጠብም አይመከርም፣ ሰሙን ይቀንሰዋል።

ለማን ይሆናል? ጣሪያ ሥር ለሚያድር፣ ሰም ወይም ሴራሚክ የሚባለው መከላከያ ሽፋን ላለው፣ አቧራው እፍ ሲሉት ለሚነሳ መኪና። ቀለሙ ነጭ ወይም ብርማ ከሆነ ቅንጣት ጭረት ብትወጣም ቶሎ ዓይን ውስጥ አትገባም። ለጥቁር መኪና ግን እኔ አልመክረውም።

በማይክሮፋይበር (በጣም ደቃቅ ሰው ሠራሽ ክር) የተሠራው ተመሳሳይ መጥረጊያ ጥቅሙ መታጠቡ ነው። በተረፈ ችግሩ ያው ነው። የላባና ጠንካራ የናይለን ብሩሽ ለቀለም አይሆንም፤ ለዳሽቦርድና ለምንጣፍ ይቆይ።

ስፕሬይ ከማይክሮፋይበር ጋር

እዚህ ላይ ፈሳሽ ገባ፣ ነገሩም ተለወጠ። ስፕሬዩ አቧራ ለማንሳት ቀለሙ ላይ የሚረጭና በጨርቅ የሚጠረግ ፈሳሽ ነው፤ አሸዋውን ያርሰዋል፣ ጨርቁንም ያንሸራትታል። መኪናው ላይ ስስ አቧራ ካለና ጥቁር ቀለም ከሆነ ከመጥረጊያው ይህኛው ይሻላል። ፈሳሹን አትቆጥቡ። ጨርቁ ቀለሙ ላይ ያዝ ካደረገ ፈሳሹ አንሷል። የጋለ ኮፈን ላይም አትርጩ፣ ሳትጠርጉት ይደርቅና ምልክት ይተዋል።

ሰዎች ስፕሬይ ሲመርጡ ብዙ ይጨነቃሉ፣ ጨርቁን ግን ያገኙትን ያነሳሉ። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ በካሬ ሜትር ከ350 ግራም በላይ የሆነ፣ ጠርዙ በጠንካራ ክር ያልተሰፋ ምረጡ። ዳሩ ላይ የተሰፋ ምልክት ካለ ቁረጡት። ሁለቴ ስታጥፉት ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ትዞራላችሁ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስም። ሲታጠብም ከጥጥ ልብስ ጋር አትደባልቁት፣ የልብስ ማለስለሻም አይነካው፤ ክሩን ሸፍኖ አቧራ እንዳይዝ ያደርገዋል።

የማይለቀለቅ ሻምፖ

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ይህንን እላለሁ። በባልዲ ውሃ የሚበጠበጥ፣ ከተጠረገ በኋላ በውሃ መለቅለቅ የማይፈልግ ፈሳሽ ነው። ውስጡ ያሉት ፖሊመሮች ቆሻሻውን ይሸፍኑታል፣ ገጹንም ያሙለጨልጩታል። ታዋቂው ኦፕቲመም ኖ ሪንስ ለማጠቢያ 1 እጅ ለ256 እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ ለ10 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። ይኸው ጠርሙስ ወፈር ተደርጎ 1 ለ16 ሲበጠበጥ የስፕሬዩን ሥራ ይሠራል። ሁለት ዕቃ በአንድ ዋጋ አገኛችሁ። ሌላ ብራንድ ከሆነ ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ድብልቁን መኪናው ላይ ረጭታችሁ ትንሽ ጠብቁ። ከስድስት እስከ ስምንት ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ይነከራል። አንዱን አውጥታችሁ ከጣሪያው ጀምሩ፣ ወደ ታች ውረዱ። ገጾቹ ያለቁበት ጨርቅ ወደ ባልዲው አይመለስም፣ ወደ ጎን ይጣላል። ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ከመጥረጊያው ጋር ሲተያይ ጊዜ ይወስዳል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጤዛ ያጣበቀውን አቧራ ሳይቀር በደህና የሚያነሳው ከሦስቱ ይኸኛው ነው። ጭቃ ለያዘ መኪና ግን እሱም ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ በብዙ ውሃ መርገፍ አለበት።

ብሎወርስ?

አየር በኃይል የሚነፋው መሣሪያ ነው፤ ቀለሙን ስለማይነካ አይጭርም። ግን ልሉን ብቻ ያባርራል፣ ደቃቁ ሽፋን ይቀራል። ከእጥበት በኋላ ስፖኪዮ ሥርና መብራት ዳር የተደበቀውን ውሃ ለማውጣት ግሩም ነው። ለአቧራ ብቻ ብሎ መግዛት አያስፈልግም።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ሻምፖውን ትንሹን ጠርሙስ ውሰዱ፣ የተረፈውን ጨርቅ ላይ አውሉት። ሁለት ጨርቅና ትልቅ ጠርሙስ ከመያዝ አሥር ጨርቅና ትንሽ ጠርሙስ መያዝ ለቀለሙ ይበጃል።